ያንቺ ማህተም የቀረው ውል

ውድ ልጄ፣

ግንቤን አፈረስሽብኝ። አራት ወር የለፋሁበትን የወንዝ ዳር ግንብ ሳትጠይቂኝ ከጥግ እስከ ጥግ አፈረስሽው፤ ቦታውንም ለጀልበኞቹ በውል ፈርመሽ ሰጠሻቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ግንቡ በነበረበት ላይ ሣር በቅሎ ጠበቀኝ። ከዚህ የጀመርኩት ነገር ማሳመር ስለማልወድ ነው።

በስልክ የተባባልነውን ታስታውሺዋለሽ። እኔ ጮህኩ። አንቺ «ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ» አልሽ። እውነት ነው፣ ነግረሽኛል። መንገር ሌላ፣ ማስፈቀድ ሌላ። «ከዛሬ ጀምሮ ከተማዬ ውስጥ እግርሽ እንዳይገባ» አልኩሽ። «እሺ አባዬ፣ ከተማው ያንተ ይሁን» ብለሽ ዘጋሽው። ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነ። ለእናትሽ ስትደውዪ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ደህና ነው ወይ ብለሽ ስትጠይቂ «ደህና ነው፣ ብቻውን ነግሦ ተቀምጧል» ስትልሽ በመስኮት እሰማታለሁ።

በደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ድምፄ ስለሚቀድመኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በምሳ ሰዓት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እየሞነጫጨርኩ መሆኑን ታውቂያለሽ። ስጽፍ ቀስ እላለሁ።

ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ያለ ጊዜ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ከከተማ ግንባታ ጨዋታው ጋር ይዘሽልኝ መጣሽ። እኔ የልጅ መጫወቻ ነው ብዬ ሦስት ቀን ጀርባዬን ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን አንቺ የሠራሽው ቤት መሠረቱ ውሃ ላይ መሆኑን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሁለት ከንቲባ ኖራት። ጠዋት ጠዋት እኔ እገነባለሁ፤ አንቺ ባለሽበት ሆነሽ ከሥራ ስትመለሺ ከሰዎቹ ጋር ትደራደሪያለሽ። የጨዋታው ቋንቋ የኛ ባይሆንም የእያንዳንዱን ቁልፍ ትርጉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ መንገድና ግድግዳ እንጂ ሰዎቹን ጉዳዬ ብዬ አላውቅም። ጀልበኞቹ፣ ድንጋይ ጠራቢዎቹና አትክልተኞቹ እንደማይዋደዱ አውቃለሁ። እነሱን ማስታረቅ ያንቺ ሥራ ነበር።

ስልኩን የዘጋን ዕለት ግንቡን መልሼ ሠራሁት። ልኩን በቃሌ ስለማውቀው እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ፤ ከበፊቱም በሁለት ክንድ ከፍ አደረግኩት። በማግስቱ የጀልበኞቹ መልእክተኛ ዕቃውን ሸክፎ ከከተማው ወጣ። ዓሣ ቀረ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ደስ አላቸው፣ ምክንያቱም ግንቡን የሚወዱት እነሱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ጀልበኞች በሌሊት መጥተው መጋዘናቸውን ዘርፈዋቸዋል። ግን ደስታቸው አንድ ሳምንትም አልቆየም። ዓሣ የለመደ ሆድ ግንብ አይበላም።

አደራዳሪ የለኝም፣ ስለዚህ ራሴ ገባሁበት። እንዴት እንደገባሁበት ብትሰሚ ትስቂያለሽ። እኔ ዕድሜዬን በውሃ ልክና በቱንቢ የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። ጠብ የሚመጣው ከመበላለጥ ነው አልኩና ሁሉንም እኩል አደረግኳቸው። ለሦስቱም እኩል እህል፣ እኩል ቤት፣ እኩል ቦታ፣ እኩል ድንጋይ ሰጠሁ። ለጀልበኞች ተራራ ላይ የእርሻ መሬት ሰጠኋቸው። ለአትክልተኞች ጀልባ ሰጠኋቸው። አንድ ፍሬ እንኳ አላዛባሁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱም በአንድነት ጠሉኝ። እናትሽ የቡና ስኒዋን እንደያዘች ከትከሻዬ በላይ አየችና፣ «ሦስት ጠላት የነበሩ ሰዎችን አስማማሃቸው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

ያ መብራት ሠሪው ወዳጄ ሽቦ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። እሱ አሁንም ሰፈሩን በአሮጌ ብስክሌቱ እየዞረ የሰው መብራት ይጠግናል፤ እንደኔ ጡረታ መውጣትን አያውቅም። የኛን ማብሪያ ማጥፊያ ሊቀይር መጥቶ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ብዙ ከተሳለቀብኝ በኋላ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የሚያስፈልጋቸውን ሰጥቻቸዋለሁ አልኩት።

«የሚያስፈልጋቸውን አልጠየቅኩህም» አለ። «አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ቤት ስትሠራ ባለቤቱን መስኮት የት ላድርግልህ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። መስኮት የት መሆን እንዳለበት እኔ አውቃለሁ። እሱም ይህን ያውቃል፤ የራሱን ቤት የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉም «ፀሐይ ዓይኔን እየወጋኝ ነው የምበላው» እያለ ያማርራል። ደብተርሽን አነሳና ገለጠው። የድርድሩ ገጽ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ «አቅርብ»፣ ሌላው «አድምጥ»። የመጀመሪያውን ብቻ ነበር ስጫን የኖርኩት። ሁለተኛው ያለ አልመሰለኝም።

ሽቦ ከሄደ በኋላ ተጫንኩት። ጀልበኞቹ ያሉት አንድ መስመር ነው፤ ወደ ገበያ የምንወስደው ዓሣ መንገድ ላይ ይበላሻል ይላል። አላመንኩም። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ካሉት ትንንሽ ሰዎች አንዷን መረጥኩ፤ ቅርጫት የተሸከመች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ሴት። በዓይኔ ተከተልኳት። ገበያው ፊት ለፊቷ ነው፣ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ግንቤ ጋ ደረሰችና ቆመች። ከዚያ ዞረች። በግንቡ ጥግ፣ በረግረጉ፣ በድንጋይ ካባው በኩል ዞራ ገበያ ስትደርስ ሱቆቹ እየተዘጉ ነበር። ቅርጫቷን እንደያዘች በመጣችበት ተመለሰች። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። እንዲህ ዓይነት የእግር መንገድ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከሥራ ወደ ቤት የምሄድበት ነበር። ሳያት ብዙ ቆየሁ። እናትሽ ምሳ ቀርቧል ብላ ሁለት ጊዜ ተጣራች።

ግንቡ ላይ በር አውጣ ስትዪኝ ያላወጣሁት በር ግንብን ያደክማል ብዬ ነው። አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ግን አያደክምም፤ ቅስት ከተሠራለት እንዲያውም ያጠነክረዋል። ይህን ለሰው ሁሉ ሳስተምር ኖሬ ለራሴ ግንብ አላደረግኩትም። አንቺ በር ስትዪኝ የሰማሁት ማፍረስን ነበር። አንቺም በመጨረሻ ያፈረስሽው እኔ በር የማላወጣ ሰው ስለሆንኩ ነው። ከዚህ የበለጠ እንድል አትጠብቂ።

እንግዲህ አዲስ ውል ጻፍኩ። ግንቡ ይቆማል፣ ጠራቢዎቹ እንዲተኙ። በመካከሉ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ቅስት ይከፈታል፤ ድንጋዩን ጠራቢዎቹ ይጠርባሉ። በሩን ቀን ጀልበኞች፣ ማታ ጠራቢዎች ይጠብቁታል። ለአትክልተኞቹ በቅስቱ ሥር ቦይ ስቤ ውሃ አመጣላቸዋለሁ፤ «አድምጥ» ስል የጠየቁት ይህንኑ ብቻ ነበር፣ ጀልባዎቹንም መልሰውልኛል። አትክልተኞቹ ወዲያው ተስማሙ። ጠራቢዎቹ ለሦስት ቀን ተከራከሩኝ፣ ከዚያ ተስማሙ። እኔ በማሽን ፊት ተቀምጬ ለሦስት ቀን ሳልጮህ ተከራከርኩ፤ እናትሽን ጠይቂያት።

ጀልበኞቹ ግን አልፈረሙም። የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «ከንቲባው የተፈረመ ውል አፍርሷል። የእርሱን ቃል አናምንም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አርባ ዓመት ስሠራ ሐሙስ አስረክባለሁ ካልኩ ሐሙስ ነው። ቃሉን በልቷል ያለኝ ሰው የለም። በእውን የሌሉ ሰዎች ናቸው ያሉኝ፤ ግን ትክክል ናቸው። ውሉ ያንቺ ፊርማ ቢሆንም ከተማዋ የሁለታችን ናት፤ ያፈረስኩት የራሴን ቃል ነው።

ከመልሳቸው በታች አንዲት መስመር አለች። የሌላዋ ከንቲባ ማህተም ካረፈበት ይመለሳሉ። ያንቺን ስም ያምኑታል። ለመፈረም የሰጡት ጊዜ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ጀልባዎቻቸውን ጭነው ወንዙን ይወርዳሉ፣ የወረደ ደግሞ አይመለስም። ጨዋታው ሲከፈት ብቻ ነው ቀኑ የሚሄደው። ስለዚህ ከማክሰኞ ጀምሮ አልከፈትኩትም። ጠዋት ቁርሴን እበላለሁ፣ የተዘጋው ኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ። እናትሽን ከጨዋታው ይልቅ ይኸኛው አስፈርቷታል።

የይለፍ ቃሉን በንዴት ቀይሬው ነበር፤ አንቺ እንዳትገቢ። ወደ ነበረበት መልሼዋለሁ። ውሉን መጀመሪያ አንብቢው። የማይስማማሽ አንቀጽ ካለ ለውጪው፣ የቅስቱን ስፋት ግን አትንኪ፣ እሱን በደንብ ለክቼዋለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ደውይልኝና ንገሪኝ። እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ውሉን ሰበብ አድርጎ ነው ካልሽም፣ በይ።

ቀጥሎ ምን እንደምንሠራ አስቤያለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ከጀልበኞቹ መንደር በላይ፣ ባዶ ኮረብታ አለ። ትምህርት ቤት ይሁን ብያለሁ፣ አዋቂዎችም የሚገቡበት። መስኮቶቹን የት እንደምናደርግ ግን እዚያ የሚማሩት ይንገሩን። አንቺ ጠይቂያቸው፣ እኔ እሠራለሁ።

ስለ ፈረሰው ግንብ ያለኝን በዚህ ወረቀት ጨርሻለሁ። እሑድ ስትደውዪ ነገሩን አታንሺብኝ፤ እኔም እስክሞት አንድ ቃል አልተነፍስም።

አባትሽ