ቤንዚን ያረጃል

መቐለ፣ ዓይናለም
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስልኬን ለማታነሺው ባለቤቴ፣ ለመምህርት ገላነሽ
ሐይቅ

እንዴት ከርመሻል? ወንድምሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ግፊቴ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ዓይኔም ጥርሴም ቦታቸው ላይ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሙጂብ ነው፤ ያ ከእኔ ጋር አሰብ ድረስ ሲመላለስ የነበረው፣ አሁንም ኮምቦልቻ ጭነት የሚያደርሰው። «አንብባ ሳትጨርስ ከደጇ እንዳትነቃነቅ» ብዬዋለሁ። ሙጂብን ታውቂዋለሽ፣ አደራ ከያዘ በዱላም አይሄድልሽም። ስለዚህ ወንበር ስጪውና አንብቢ። የፊደል ስህተት ካገኘሽ ቀይ እስክሪብቶሽን አውጪ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አርመሽኝ ያልተስተካከልኩ ሰው ግን አሁን አልስተካከልም።

መኪና አለኝ። ገዛሁ ብልሽ ውሸት ነው፤ የገዛችልኝ ልጅሽ እድላዊት ናት፣ ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ በሰው አስነድታ የላከችልኝ። በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የምትሄድ ናት። እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሰክተሻት ታድራለች፣ በነጋታው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ትሄድልሻለች፤ ኤሌክትሪኩ ሲያልቅ የቤንዚኑ ሞተር ይነሳና ይቀጥላል። «አባዬ፣ ለመቐለ የተሠራች ናት፤ መብራት ሲጠፋ በቤንዚን፣ ቤንዚን ሲጠፋ በመብራት» አለችኝ። «ሁለቱም ሲጠፉስ?» አልኳት። ወሬ ቀየረች። ከዚያ ሕጓን ዘረዘረችልኝ፤ ከከተማ እንዳትወጣ፣ ሲመሽ እንዳትነዳ፣ ስልሳ ስምንት ዓመትህ ነው። እኔን! ግራካሱን በተሳቢ፣ በጭጋግ፣ ባንድ እጄ ዳቦ እየገመጥኩ የወረድኩትን ሰው!

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ቁልፍ የሚባል ነገር የላትም፣ አዝራር ነው። ተጫንኩ፣ ዝም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ዝም። ለካ ስትነሳም ስትጠፋም ድምፅ የላትም፤ ሦስት ጊዜ አስነስቼ ሦስት ጊዜ ያጠፋኋት እኔው ነኝ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ሲደበድብ ዋለ። ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሽ የለ፤ አንዱን እግሬን ጡረታ አወጣችው። ነዳጅ መስጫዋን ነካ ሳደርጋት ደግሞ ምንም ሳታጉረመርም ተፈተለከች፣ የጎረቤታችንን የተወልደብርሃንን አጥር ጥሼ ልገባ ነበር።

መንገድ ላይ ማንም አይሰማትም። ሰውም፣ አህያም፣ ባጃጅም። መስኮት ከፍቼ «ዞር በሉ!» እያልኩ ነው የነዳሁት፣ ልክ እንደ ጋሪ ነጂ። አንቺ የእኔን ተሳቢ ከኩሓ መታጠፊያ ከሃያ መኪና መሐል በድምፁ ለይተሽ ታውቂው ነበር። ደጅ ደርሼ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ሳደርግ ራቱ ቀርቦ ነበር የሚጠብቀኝ። በዚህችኛዋ ብመጣ አታውቂኝም። ይሄ ነገሯ ከፋኝ፣ አልዋሽሽም።

አንዱ ነገሯ ግን ልቤን ወሰደው። ቁልቁለት ላይ እግርሽን ስታነሺላት ራሷን ትይዛለች፣ ስትይዝም ባትሪዋን ትሞላለች። ከእንዳየሱስ ኮረብታ ስወርድ ቁጥሩ ሲጨምር በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቁልቁለት ፍሬኔን ሲበላው ኖረ፤ ይቺ ደግሞ ቁልቁለቱን ትበላዋለች። ብቻዬን መኪና ውስጥ ከት ብዬ ሳቅሁ። የምነግረው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከመስከረም ወዲህ «መንገዱ ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ይዞራል። ሰው ዱቄት ይሰበስባል፣ ዘይት ይሰበስባል፤ ማደያዎቹ ደርቀዋል። እኔ ቀድሜ፣ ገና መኪናዋ በመጣች ሳምንት፣ ታንከሯን አፍ እስከ ገደፏ አስሞልቼ ነበር። ከዚያ ምያለሁ፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ልነዳ፣ ከቤንዚኑ አንዲት ጠብታ ላልነካ። መብራት ሲጠፋ መኪናዋን ግቢ አቁሜ በእግሬ እሄዳለሁ። ታንከሯ ሙሉ የሆነ መኪና ደጄ ቆማ እኔ ጉልበቴን እያሻሸሁ ከዓይናለም እስከ ገበያ! ተወልደብርሃን ባጥሩ በላይ ብቅ ብሎ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይለኛል። «ክፉ ቀን ይመጣል» እለዋለሁ። «ይሄስ ደግ ቀን ነው እንዴ?» ይለኛል።

ባለፈው ወር ለግፊቴ ቀጠሮ ወደ ዓይደር ሆስፒታል እየሄድኩ፣ ባትሪዋ ሙሉ ሆኖ፣ መሐል መንገድ ላይ ሞተሩ ተነሳ። እኔ አላዘዝኳት! አዝራሩን ብጫን እምቢ፣ ብደግመው እምቢ። ስክሪኗ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፋ ቤንዚኔን ታቃጥላለች። «ሌባ!» ብዬ ጮህኩባት። ቀጠሮውን ትቼ በቀጥታ ኣንዶም ጋራዥ ገባሁ። ኣንዶምን አትረሺውም፣ የቮልሳችን ሐኪም። ስክሪኑን አነበበና ሳቀብኝ።

«ኣቦይ ገብረጻድቅ፣ አልተበላሸችም። ቤንዚኑ ስንት ወር ሆነው?»

«ከነሐሴ ጀምሮ። አልነካሁትም።»

«በቃ፣ ማኪናዋ ዐወቀች። ቤንዚን ብዙ ሲቀመጥ ያረጃል። ሳይበላሽ ራሷ አስነስታ ታቃጥለዋለች፣ እንደዚያ አድርገው ነው የሠሯት።»

«ማን ፈቀደላት?»

«ወይ ኣቦይ! ቤንዚን ማር አይደለም እኮ፤ ባስቀመጡት ቁጥር አይጣፍጥም።»

እዚያው የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ኣንዶም ግፊቴ መስሎት ውሃ ይዞ ሮጠ። ግፊቴ አልነበረም ገላነሽ። ቤንዚን እንደሚያረጅ እኔ ከኣንዶም በፊት አውቀው ነበር። ላንቺ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው፣ ተቀመጪ።

ጥቅምት 2013 ለእናትሽ ቀብር ሐይቅ ሄደሽ መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩም ሲጠፋ፣ እጄ ላይ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ነበረኝ። ሃያ ሊትር። ዕቃ ቤት ከማሽላው ጆንያ ጀርባ ደበቅኩት፤ መንገድ በተከፈተ ቀን በቮልሳችን መጥቼ ላመጣሽ። ይህን ታውቂያለሽ። በዓመቱ እህቴ ኣበራሽ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ በቮልሷ ዓይደር ላድርስሽ ብላት ምን እንዳለችም ታውቂያለሽ። «ኣይፋል ሓወይ፣ ተው ወንድሜ፣ እሱ የገላነሽ ነው፣ እንዳትነካው» አለች። እኔም ሰማኋት። በጋሪ ጫንናት። ዓይደር ሳንደርስ አለፈች። ይህንንም ታውቂያለሽ፤ በአዲስ አበባ ዞረሽ በአውሮፕላን በመጣሽ ጊዜ፣ ለቅሶ ልትደርሺ በገባሽበት፣ ልጇ ሉላ በሰው ፊት «እናቴን የገደላት ያንቺ ቤንዚን ነው» አለችሽ። አንቺም «በስሜ ሰው በሞተበት ቤት ውሃ አልጠጣም» ብለሽ ሻንጣሽን ሳትፈቺ ተመለስሽ። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው።

የማታውቂው ይህን ነው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት፣ መንገድ ሊከፈት ነው በተባለ ሳምንት፣ ጀሪካኑን አውጥቼ ቮልሷ ውስጥ ቀዳሁት። ጺሜን ተላጭቼ፣ ያንን ግራጫ ኮቴን ለብሼ። ሽታው ቀለም ቀለም ይል ነበር። ቮልሷን ሁለቴ አሳላትና በሩ ላይ ቆመች። ከግቢ አልወጣችም። እህቴን ያሳጣኝ ቤንዚን አርጅቶ ነበር ገላነሽ። «ቮልሷ ምን ሆነች?» ስትዪኝ «ባትሪዋ ሞቷል» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ኣበራሽ በታመመች ቀን ግን ገና ደህና ነበር። ያን ቀን ቢሆን ትነሳልኝ ነበር። ዓይደር ደርሰን እንመለስ ነበር፣ ከሃያው ሊትርም ሁለቱን አንጨርስም ነበር።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። «እንዳትነካው» ብላለች ብዬ በኣበራሽም አላሳብብም፤ ትንፋሽ ያጠራትን እህቱን እሺ ብሎ የሚታዘዝ ወንድም ምን ዓይነት ወንድም ነው? ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺን ስም ጀሪካኑ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማለት ሦስት ዓመትና አንድ መኪና ፈጀብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በዪኝ፣ እቀበላለሁ።

ከኣንዶም ጋራዥ ወጥቼ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። በቤንዚን ብቻ እንድትሄድ አድርጌ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ዞርኳት፣ ሰው ጀሪካን ይዞ በተሰለፈበት በኩል ሳይቀር። አበደ አሉኝ። ይበሉ። በሳምንቱ መብራት ለአራት ቀን ጠፋ፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያደርሳቸው ሰርቪስም ነዳጅ አጥቶ ሉላ ወደ ሥራዋ በእግሯ ስትሄድ አገኘኋት። ሦስት ዓመት አናግራኝ አታውቅም። አቁሜ በሩን ከፈትኩላት። እንደ ታክሲ ኋላ ገብታ ተቀመጠች። በማግስቱም ኋላ። በሦስተኛው ቀን «ኣኮይ» አለችኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ አጎቴ ተባልኩ።

«ኣኮይ፣ አሁን የምትሄደው በቤንዚን ነው?»

«በቤንዚን ነው።»

«ሲያልቅስ?»

«ያልቃል» አልኳት።

በአራተኛው ቀን ከፊት ተቀመጠች። ላንቺ የጻፍኩትን ለእሷም በአፌ ነገርኳት። እስከ ፋብሪካው በር ድረስ አለቀሰች። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ እኔም አለቀስኩ፤ መሪውን ግን አልለቀቅኩም። ስትወርድ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አሁን የቀረኝ ግማሽ ታንከር ነው። ማደያ የለም። እድላዊት በስልክ ትጮህብኛለች። ያ በላም በወተት ሲቀልድብኝ የነበረው ተወልደብርሃን እንኳ ዞሮ «ኧረ ይችን እንኳ ለክፉ ቀን ያዝ» ይለኛል። አልይዝም! ክፉ ቀንን በጀሪካን ስቀልብ ኖሬ ምን አተረፍኩ? የሚፈልገውን ወሰደ፣ የተረፈውን አበላሸብኝ። ከእንግዲህ ከእኔ ቤት አይቀለብም። መኪናዋንም አልሸጥም፣ ዓይናለምንም ለቅቄ አዲስ አበባ ልጄ ሳሎን ውስጥ አልጎለትም። መንገዱ ይዘጋል ላሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ዛሬ ክፍት ነው። ሙጂብ ይኸው ደርሶ የለ?

ግማሽ ታንከርና ሙሉ ባትሪ ሐይቅ ያደርሰኛል፤ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ቅዳሜ፣ በገብርኤል ዋዜማ፣ ጎሕ ሲቀድ እነሳለሁ። አላጌን ወጥቼ፣ ግራካሱን ስወርድ ባትሪዋን እያበላሁ፣ ቆቦ ላይ ሻይ ጠጥቼ፣ ከሰዓት በኋላ ወንድምሽ ደጅ ነኝ። ለመመለሻ የሚሆን የለኝም፣ ላስቀርም አልፈለግኩም። ከወጣሽልኝ ነዳጁን አብረን እንፈልጋለን። ካልወጣሽ ወንድምሽ ሶኬት ላይ ሰክቼያት እቀመጣለሁ። እስክትሞላ ስምንት ሰዓት ትፈጃለች። ስትሞላ የምሄድ እንዳይመስልሽ።

ነይልኝ አልልሽም። እመጣለሁ ነው የምልሽ። ድምፅ ስለሌላት መድረሴን አታውቂም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ክላክሱን ሦስት ጊዜ አደርገዋለሁ። ሰምተሽ እንዳልሰማ እንዳትሆኚ።

የሐይቁ እስጢፋኖስ ከደጅሽ አይራቅ። የእናትሽንና የኣበራሽን ነፍስ ባንድ ጥላ ሥር ያሳርፍልን። ያንቺን ጉልበት ከዚያ የሐይቅ እርጥበት፣ ልብሽን ደግሞ ከእልህሽ ይጠብቅልኝ፣ ቢያንስ እስከ ቅዳሜ።

ያልፈታሽው ባልሽ
ገብረጻድቅ

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ሉላ ከሥራ መጣች። ቅዳሜ የት እንደምሄድ ነገርኳት። ይህን ጻፍላት አለችኝ፤ ቃሏን አልነካሁትም፦ «እናቴ ያን ቤንዚን ለገላነሽ ሰጠቻት፣ እኔ መርዝ አደረግኩባት። የፊቱ ወንበር የሷ ነው። እኔ ኋላ እቀመጣለሁ።»