የአባባ ቤተክርስቲያንና የእማዬ አዳራሽ

ለታላቅ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጀርባህ ተሻለህ? እንቅልፍ ትተኛለህ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ጎርሰህ ነው የምትወጣው? መልስ መጻፍ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ወሬ ብገባ እማዬ አትለቀኝም። ሰላምታውን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ አሁን ምን አልሽው፣ አሁንስ ምን አልሽው ስትለኝ ነበር። ሳመችህ በይው ብላኝ ወዲያው አንገቷን ወንበሯ ላይ ጣል አድርጋ አንቀላፋች። አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ናቸው። ሁለቱም እንደ ዕድሜያቸው ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

የድካሜን ነገር ልንገርህ። ታውቀዋለህ እያልኩ ዝም ስል ኖሬ፣ ለካ አብዛኛው አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነው። የእማዬ እግር ጨርሶ እምቢ ካለ ቆየ፤ አሁን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። የአባባን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ሰውንም በድምፁ ያውቃሉ፣ ብቻቸውን ግን መንገድ አይሄዱም። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም ከቤተክርስቲያን መቅረት የሚባል ነገር አይሰሙም። የሚሄዱበት ደግሞ አንድ ቦታ ቢሆን ምን ነበረበት። አባባ ሽማግሌ ሆነው ያረጁበት ያ የድንጋዩ ቤተክርስቲያን ነው። እማዬ ደግሞ አንተ ከወጣቶቹ ጋር ተለይተህ በወጣህ ጊዜ፣ የድሮው የእንጨት መጋዘን ውስጥ የከፈትከው አዳራሽ። ድንጋዩ ዳገቱ ላይ፣ መጋዘኑ ታች። ቁልቁል ወንበር ገፍቼ፣ ሽቅብ ክንድ ይዤ የምመላለሰው እኔ ነኝ።

እሁድ የምሠራበት ዳቦ ቤት እረፍት ይሰጠኛል፤ እረፍት ካልከው። እማዬን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ወደ አዳራሹ አወርዳታለሁ። መዘምራኑ ሞቅ ሳይሉ ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ አባባ ክራቫታቸውን አስረው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ያለሱ ግን አይወጡም። እሳቸውን አድርሼ ስብከቱ ሲጀመር ትንሽ እቀመጥና፣ እማዬን ለመመለስ ደግሞ ቁልቁል እወርዳለሁ። እዚያ ስደርስ ስብከቱ እያለቀ ነው። ስለዚህ የአንዱን መጀመሪያ፣ የሌላውን መጨረሻ እሰማለሁ። አንድ እሁድ የአባባ መጋቢ ኃጢአተኛውን ገደል አፋፍ ላይ አቁሞት ትቼው ሄድኩ፤ የእማዬ አዳራሽ ስደርስ ሰርግ ቤት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። በመሃል ምን እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይኼ እሁድ ብቻ ነው። ሰኞ የአዳራሹ እናቶች ለእማዬ ብለው ቤታችን መጥተው ይጸልያሉ። ማክሰኞ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ፤ አባባ ድምፃቸው አሁንም ይፈለጋል። ዓርብ የጾም ጸሎት፣ ቅዳሜ አዳራሽ ማጽዳትና የታመመ መጠየቅ። እኔ ከመዘምራን ወጥቻለሁ፤ ለልምምድ የሚተርፍ ጉልበት አጣሁ። በቀደም ዳቦ ቤት ቆሜ የአንዲትን ሴትዮ ዳቦ እየጠቀለልኩ አመሰግናለሁ ስትለኝ አሜን ብያት ደነገጠች።

ቤት ውስጥ ጠብ የለም፤ እንዳታስብ። እሁድ ምሳ ላይ አባባ፣ ዛሬ ሰው ነበር ወይ ይላሉ። እማዬ፣ ነበር፣ እናንተስ ጋ ትላለች። እኛም ጋ ነበር። ጌታ ይመስገን። በቃ፣ ወሬው ያልቃል። ያንተ ነገር፣ መለየትህም ጥለህ መሄድህም፣ አይነሳም። ሰኞ ሰኞ እናቶቹ ሲመጡ አባባ ወንበራቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ፤ የሚያስቀምጡት ግን መስኮቱ ሥር ነው። አንድ ጊዜ ከእናቶቹ አንዷ፣ አዋላጇ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስታካፍል የኢሳይያስን ቃል መዝሙረ ዳዊት ነው አለች። ከደጅ፣ ኢሳይያስ ነው የሚል ድምፅ መጣ። ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። እማዬ ብቻ ዓይኗን ሳትገልጥ አሜን አለች።

አሁን የምነግርህ ነገር የሆነው ረቡዕ ዕለት ነው። ረቡዕን እፈራዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የአባባ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትና የእማዬ ጸሎት እኩል ሰዓት ላይ ናቸው። አባባን ቀድሜ አደረስኩ፣ እማዬን ወሰድኩ። ዝናብ ነበር። ጸሎቱ መሃል ላይ ስንደርስ የእማዬ እጅ ከእጄ ውስጥ ሲከብድ ተሰማኝ፤ ዞር ስል አንገቷ ወድቋል። ጠራኋት፣ አልመለሰችም። እናቶቹ አንስተው አግዳሚ ላይ አስተኟት። አዋላጇ የደም ሥሯን ይዛ ቆየችና፣ ምን በልታለች አለችኝ። ቁርሷን ሰጥቻታለሁ አልኩ። ለካ ቁርሱን ጠቅልላ ትራሷ ሥር ደብቃዋለች። ስኳር በውኃ በጥብጠው በማንኪያ ሰጧት። አዋላጇ፣ እስክትነቃ አትነካ፣ አትንቀሳቀስ አለች።

ያኔ ነው አባባ ትዝ ያሉኝ። ጥናቱ አልቋል። ዳገቱን በዝናብ ሮጬ ወጣሁ። ጥበቃው ልጃቸው ትወስዳቸዋለች ብሎ በሩን ቆልፎ ሄዷል፤ አባባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ውኃው ከባርኔጣቸው ይንጠባጠባል። ስቀርባቸው የት ቆየሽ አላሉኝም። እናትሽ ምን ሆነች አሉኝ። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ አረማመድሽ ይናገራል አሉ። ነገርኳቸው። ተነስተው ክንዴን ያዙና፣ ውሰጂኝ አሉኝ። ወደ ቤት መስሎኝ ወደ ግራ ስታጠፍ ቆም አሉ። ወደ እሷ ነው እንጂ አሉኝ።

ወንድሜ፣ ያን አዳራሽ ረግጠውት እንደማያውቁ ታውቃለህ። በሩ ጋ ስንደርስ እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ዳሰሱት። ይኼን እሱ ነው የሠራው አሉኝ። አዎ፣ ራሱ ነው የመታው አልኳቸው። ከላይ እስከሚደርሱበት ድረስ ዳሰሱትና፣ ትንሽ ጠሟል አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

ጸሎቱ ቆመ። በአንተ ጊዜ ኪቦርድ ይመታ የነበረው ልጅ አሁን መጋቢ ነው፤ እየሮጠ መጥቶ እጃቸውን ያዘ። አባታችን፣ ወደ መድረክ ይውጡና ይባርኩን አላቸው። አባባ፣ እኔ የመጣሁት ባለቤቴን ብዬ ነው፣ የት ጋ ናት አሉት። ይኼኔ እማዬ ዓይኗን ገለጠች። እርጥብ ኮታቸውን፣ ባዶ ራሳቸውን አየቻቸው። ምን ያለቻቸው ይመስልሃል? መጣህ፣ በል ቁጭ በል፣ ጸሎቱ አላለቀም አለቻቸው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እግሯን አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። እናቶቹ ጸሎቱን ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ማንን ማምጣት፣ ማንን መውሰድ እንዳለብኝ አሰብኩ፤ ማንም አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ የመጨረሻው አሜን ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እማዬን ተቆጣኋት። ለምን ጾምሽ፣ በዚህ አቅምሽ ብዬ። ረቡዕ ረቡዕ የሱ ቀን ነው አለችኝ። የሱ ያለችው ያንተ ነው። አባባ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ ሲሰብክ እንዴት ነበር ብለው ጠየቋት። እሳቸው የሰሙህ አንድ ቀን እንኳ የለም። እማዬ ነገረቻቸው። በዝግታ ነው የሚጀምረው፣ ለመስማት ጎንበስ ትላለህ፤ ዋናውን ነገር ሊናገር ሲል ሳይጠማው ውኃ ይጠጣል አለቻቸው። አባባ ሳቁ። ያንን ከእኔ ነው የወሰደው አሉ። አንዱን ስብከትህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገሯት፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እኔም ሥራ አረፈድኩ።

ከዚያ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ለምን አልተመለስሽም፣ ወንበርሽ እኮ እዚያው ነበር አሏት። እናቱ ከወጣች ማን ይቀራል አለቻቸው፤ ደግሞስ ድንገት ቢመጣ የሚያውቀው ሰው ይጣ? አባባ፣ እኔም ከድንጋዩ ያልተነሳሁት በዚያኛው በር የመጣ እንደሆነ ብዬ ነው አሏት። እኔ ሳህኑን ይዤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ይኼን ሁሉ ዘመን ዳገቱን ስወጣ ስወርድ፣ ሁለቱም አንድ ሰው እየጠበቁ እንደሆነ ማን ነገረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ አትከፋ። ወደ እናንተ ከተማ የምትመላለሰው የጨርቅ ነጋዴ አይታሃለች። መስበክ እንደተውክ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ እንደምትሠራ፣ እሁድ ከኋላ ገብተህ ከኋላ እንደምትወጣ ነገረችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ፣ እንደ መርዶ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ የት እንደምትቀመጥ አወቅሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ለአባባ ግን ነገርኳቸው። ከእሱ መድረክ አልፈልግም አሉኝ። በዚች ከተማ ስብከት ሞልቷል፤ የጠፋው ወንበር የሚገፋ ሰው ነው አሉ። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልህ።

የኔን ወሬ ደግሞ በጥቂቱ። ሄሎ ሄሎን ታስታውሰዋለህ? የድምፅ ማጉያ ጠጋኙን፣ ማይክ በያዘ ቁጥር ሄሎ ሄሎ የሚለውን። የከተማው አብያተ ክርስቲያናት በሌላ ነገር ባይስማሙ በሱ ይስማማሉ፤ የሁሉም ማጉያ በየሳምንቱ ይበላሻል። አንድ ቅዳሜ አዳራሹን ስጠርግ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ሽቦ በጥርሱ እንደነከሰ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። አልሰማሁህም አልኩት። ሽቦውን ከአፉ አውጥቶ፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ደገመው። ርቆ በሚገኝ ከተማ ለትልቅ አዳራሽ ቋሚ ሥራ አግኝቷል። ቀልደኛ ነው፣ ታጋሽም ነው፤ ያለ ማይክ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። አስቤበት እነግርሃለሁ አልኩት። አስቤ ነገርኩት። እማዬም ሰምታለች። በማግስቱ፣ ያ ሻንጣ አልጋ ሥር ለምን አቧራ ይጠጣል፣ አውጥተሽ ወልውይው አለችኝ።

ድንገት የመጣህ እንደሆነ እንዳይቸግርህ አንዳንድ ነገር ልንገርህ። የወንበሩ ፍሬን በግራ በኩል ይንሸራተታል፤ ቁልቁለቱ ላይ በእጅህ ብቻ አትመን፣ ሰውነትህን ደገፍ አድርገው። እማዬ በላሁ ስትል አትመናት፤ ትራሷን አንሳ። አባባን ክንዳቸውን አትያዝ፣ እሳቸው ያንተን ይያዙ፤ መጎተት አይወዱም። ደረጃ ሲመጣ ደረጃ ነው ማለት ይበቃል። ሁለቱ እሁድ የት መሄድ እንዳለባቸው ገና አልተስማሙም። ባለፈው እማዬ ወደ ድንጋዩ ልሂድ ስትል፣ አባባ የለም፣ ዛሬ ወደ ታች ነው ብለው ተከራከሩ። በዚህ ላይ ምክር የለኝም፤ የሰማሁትን ነገርኩህ። የመድኃኒቷን ሰዓት አዋላጇ ታውቃለች፤ ሰኞ ሰኞ ስለምትመጣ ጠይቃት። ማንም ሰው ምንም አይጠይቅህም። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ የሚጠይቅ ቢኖር እማዬ ትመልስለታለች።

እንግዲህ እጄ ዛለ። አባባ እየጠሩኝ ነው፤ ፀሐዩ ዞሮባቸው ወንበራቸውን ላንቀሳቅስላቸው። ጌታ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅ። ጀርባህን ይፈውስልህ። ያፈርክበትን ነገር ያቅልልህ። የተቀመጥክበት የኋላ ወንበር የበረከት ወንበር ይሁንልህ፤ መንገድ ብትጀምርም መንገዱን ያቅናልህ። እማዬ ስማሃለች። አባባም፣ በሩ ቢጠምም ይከፈታል፣ ይዘጋል በይው ብለውሃል።

እስከ ወሩ መጨረሻ በዚሁ አድራሻ የምገኘው፣
ታናሽ እህትህ