በቆዳ የተከደነ የበርበሬ ጉድጓድ

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ጊዮርጊስ፤ ካለሽበት ድሬዳዋ።

ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። ይህን የማስቀድመው የረሳሽው መስሎኝ ሳይሆን፣ ሰዎች በላዬ ላይ ዓመት እየጨመሩ እንደሚያወሩ ስለ ሰማሁ ነው። በሬዎቼን ራሴ ጠምጄ እስከ ቀትር አርሳለሁ። በቅሎዬ ላይ ያለ ደጋፊ እወጣለሁ፤ ስወርድ ብቻ ድንጋይ እፈልጋለሁ፣ እሱንም በጎልማሳነቴ እፈልግ ነበር። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሽሮዬን ራሴ አማስላለሁ፣ የተቀደደ ልብሴን ራሴ እሰፋለሁ፣ ምድጃዬም እሳት አጥቶ አያውቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አንቺ አቃንተሽ አንብቢው፤ ለጸሐፊ ብሰጠው ቁጣዬን ያለዝበው ነበርና እምቢ አልሁ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? የቆላው ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ያ ንዳድ ተወሽ ወይስ ተመልሶ መጣብሽ? ባልሽ ገብረአማኑኤል ከባቡሩ ጥቀርሻ ያገኘው ሳል ለቀቀው ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከብቱ ደህና ነው። ጎረቤቱም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ምላሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። በታኅሣሥ ወር፣ በገብርኤል ማግስት፣ የወንድሜ ልጅ ብርሃነ መስቀል ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ ማለዳ ደጄ ላይ ቆመ። የመጡት ልቦናዬ ደህና መሆን አለመሆኑን ሊመረምሩ ነው። ደህና ካልሆንሁ መሬቱን እሱ ሊያርስ፣ እኔ ደግሞ እንደ ጥጥ ከረጢት በካሚዮን ተጭኜ ወደ አንቺ ልላክ ነው። ይህን ማን አለ ብዬ ብጠይቅ፣ ልጅህ ናት አሉኝ። «አባቴ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የበግ ቆዳ ተከናንቦ ውስጡ ይውላል አሉኝ፤ ብርሃነ መስቀል መሬቱን ይያዝልኝና እሱን ላኩልኝ» ብለሽ በመንገደኛ አፍ ልከሻል። ወሬውን ወደ አንቺ የሰደደው ብርሃነ መስቀል፣ መልሱን የተቀበለውም ብርሃነ መስቀል። ከሳሹም ምስክሩም እሱ ሆኖ ሳለ፣ አንቺ አንድ ቀን አባቴ ምን ሆነህ ነው ብለሽ እኔን ሳትጠይቂ ፈረድሽ። እኔ የልጄን ቃል በሽማግሌ ፊት ከሌላ ሰው አፍ የምሰማ ሰው ነበርሁ? አንጀቴ አሯል፤ አልሸሽግሽም።

ስለ ጉድጓዱ እውነቱን ከእኔ ስሚ። ወደ ቆላው ገበያ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ኬላ ከተበጀበት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያለ ወረቀት ሰው አይወርድም፣ በርበሬም አይወጣም። ያለው በርበሬ ደብረ ብርሃን ከጣሊያን ሱቅ የሚሸጠው ነው፤ ጡብ የተፈጨበት ይመስላል። እዚያም ደጃፉ ላይ ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ ያልሰጠ ሰው አይሸጥለትም። እኔ ክንዴን የማነሣው ጅራፍ ለማጮኽ ነው። ስለዚህ አምና ጾሙን ሙሉ አልጫ ሽሮ በላሁ። እንደ በሽተኛ፣ ልጄ፣ እንደ አራስ።

አምና በኅዳር ቆዳ ልሸጥ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ ሄጄ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ነገር አየሁ። መሬት ላይ ጣውላ እንደ ሣጥን አቁመው በመስኮት መስታወት ከድነውታል፤ በሥሩ ሰላጣ ለምልሞ ተኝቷል። ከአጥሩ ወዲህ ያለው የእኛ ባቄላ በውርጭ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በእኛው መሬት፣ በእኛው ፀሐይ የእነሱ ቅጠል ሲስቅ የእኛ ያለቅሳል። አንዱ ሶላቶ ምን ታያለህ ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ ገፋኝ። ያየሁትን ግን ሊያስተፋኝ አልቻለም። ፀሐይዋ ትገባለች፣ ነፋሱ ውጭ ይቀራል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

መስታወት ከየት አባቴ ላምጣ? በግ ግን አለኝ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን፣ አይጥ አበላሽቶት የተውነውን የእህል ጉድጓድ ታውቂዋለሽ። ዘንድሮ ክረምቱ እንደ ወጣ አስፍቼ እስከ ደረቴ አጎደጎድሁት። የኋላውን በድንጋይ ከፍ አድርጌ፣ የፊቱን ዝቅ አድርጌ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ እንድትገባበት ፊቱን ወደ ደቡብ መለስሁት። ከታች ትኩስ የበቅሎ ፋንድያ ከጭድ ጋር ረግጬ ሞላሁበት፤ እሱ ሲብላላ እንደ ምድጃ ይሞቃል። በላዩ አፈር አለበስሁት። ጣራው የጥድ ልምጭ ነው።

ለክዳኑ ወደ ብራና ፋቂው ወደ ደብተራ ገብረ ጻድቅ ሄድሁ። በዚህ ዘመን መጽሐፍ የሚያስጽፍ ጠፍቶ መፋቂያው ዝጓል። ጉዳዬን ስነግረው፣ ዳዊት የሚጻፍበትን ብራና ለቃሪያ ጣራ ልታደርገው ነው? ስትሞት ምን ብለህ ልትመልስ ነው? አለኝ። ያልተጻፈበት ብራና በግ ነው፣ በግ ደግሞ ሣር እንጂ ዳዊት አይደግምም አልሁት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከጓዳ ቢላ ስቶ የቀደዳቸውን፣ ለመጽሐፍ የማይሆኑትን ብራናዎች አወጣልኝ። ቀዳዳቸውን በጅማት ሰፋሁት።

አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ራሴ ልንገርሽ። ብራናው ብርሃን እንዲያሳልፍ ብዬ የበግ ሞራ ቀባሁት። ጅብ መጥቶ ጣራዬን እስከ ልምጩ በላው። ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ፣ የሌላውን ሰው በግ ጅብ በቁሙ ይበላዋል፤ የአያ ኃይለ ገብርኤልን በግ ግን ከታረደ በኋላም ይከተለዋል እያለ ተሳለቀብኝ። እኔም ጅቡ ከእናንተ ይሻላል፣ ሥራዬን ቀምሶ ነው የፈረደ አልኋቸው። ገብረ ጻድቅ ሌላ ብራና ሰጠኝ፤ እሱን የኑግ ዘይት ቀባሁት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን አሳለፈ፤ ጅብም አልዞረበት። ዘሩን ረሺድ፣ ያ በልጅነትሽ ቴምር ያበላሽ የአልዩ አምባው ነጋዴ፣ በጥምጣሙ እጥፋት ይዞልኝ ኬላውን አለፈ። አያ ኃይለ ገብርኤል፣ ይህ ዘር ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔ ዱዓ አድርጌለታለሁ፣ የቀረው የአንቱ ነው ብሎ ሰጠኝ።

በቀለ። ማለዳ ማለዳ ውኃ ላጠጣ እገባለሁ። ውጭ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ ውስጡ ግን ይሞቃል፤ ስለዚህ ጥቂት እቀመጣለሁ። እብደት ያላችሁት ይህ ነው።

ሽማግሎቹ በመጡበት ማለዳ በገንዳው ያለው ውኃ በረዶ ሠርቶ ነበር። ሦስቱም በርኖሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ቤት ግቡ አላልኋቸውም፤ እብደቴን ለማየት ከመጣችሁ ወደ እብደቴ ግቡ ብዬ ወደ ጉድጓዱ ወሰድኋቸው። ገቡ። አያ ወልደ ሰንበት፣ በሠርግ ቤት እንኳ በርኖሱን የማያወልቅ ሰው፣ ትንሽ ቆይቶ አወለቀ። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ፋንድያው ወዳለበት ዘረጉ። ብርሃነ መስቀል ቦታ አጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይከሰኝ ጀመር። አያ ወልደ ሰንበትም፣ አንተ ልጅ፣ ክሱን ተወውና ክዳኑን መልስ፣ ብርድ ታስገባብናለህ አለው። የቀረውን ክስ በብራናው ላይ ሆኖ ጮኾ ጨረሰ። ሽማግሎቹ ፀሐይ ከፍ እስክትል ከዚያ አልወጡም። የበርበሬውን ነጭ አበባ እያዩ የእኔን ነገር ትተው የራሳቸውን ጉድጓድ የት እንደሚቆፍሩ ይማከሩ ነበር።

ፍርዱ ይህ ነው። ልቡ ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ጠባዩ ነው፣ እሱም የጥንቱ ነው አሉ። በዚህ አበቃ ስል ግን ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ወራሽዋ ልጁ ናት፤ የላከችውን ቃል እሷው ካላነሣች ነገሩ አልተዘጋም፣ ለፋሲካ እንደገና እንቀመጣለን አሉ። እንግዲህ እኔ በገዛ መሬቴ ላይ፣ ድሬዳዋ ያለች ልጄ እስክትፈቅድልኝ ድረስ እንግዳ ሆኜ እከርማለሁ። አባቴ ያወረሰኝን፣ አያትሽ የሞተበትን፣ አንቺ እትብትሽ የተቀበረበትን መሬት። ጣሊያን እንኳ ሲወስድ በጠመንጃ ነው፤ አንቺ በመንገደኛ ልትወስጂው።

ስለዚህ ቃልሽን አንሺ። ደብዳቤዬን የሚያደርስልሽ ረሺድ ሲመለስ፣ የአባቴ መሬት የአባቴ ነው፣ እስኪሞት ራሱ ያርሰዋል የሚል ቃል በእጅሽ ጽፈሽ ለቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ላኪ። በአፍ አትላኪ፤ በአፍ የላክሽው ምን እንዳመጣ አየሽ። ኬላ ላይ ይህን ደብዳቤ ቢከፍቱትም ይክፈቱት፤ በርበሬ እንጂ ጥይት የለበትም።

በርበሬው ጾሙ ሲገባ ቀላ። አንድ ቁና አልሞላም፤ ግን በርበሬ ነው። ሽሮዬን አፍንጫዬ እስኪፈስ በላሁ። ያ ሁሉ የሳቀብኝ ሰው አሁን ጣባ ይዞ ደጄ ይመጣል። እየተቆጣሁ እሰጠዋለሁ።

ባልሽን ገብረአማኑኤልን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ የእሱ ዝምታ ካንቺ ንግግር ይሻላል። ኪዳነ ማርያምን ዳዊቱን እንዳያስታጉል ንገሪልኝ፤ ጉንጩን በእኔ ፈንታ ሳሚው። ትንሿን ባፈናን አላየኋትምና ማንን እንደምትመስል ጻፊልኝ። የጎረቤትሽን የአሮጊቷን ሲቲንም ሰላም በይልኝ፤ ንዳድ ሲጥልሽ ያስታመመችሽን ሴት አልረሳሁም።

ሌላው ዕዳዬ ነው። አንቺም ባልሽም እንዳትነኩት፤ ሁሉንም የምከፍለው ራሴ ነኝ። ለገብረ ጻድቅ ስለ ብራናዎቹ ከፋሲካ ዕርድ ያልተቀደደ ቆዳ አለብኝ። ለረሺድ የሰጠኝን ዘር እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ። ለብርሃነ መስቀልም አለብኝ፤ ይህን መጻፍ ይመረኛል። በጥር ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ሳለ፣ ሳልጠራው መጥቶ ገብሴን ወቅቶ፣ ጎተራ አስገብቶ፣ ቤት ሳይገባ ሄደ። ወንፈሉን በሰኔ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ አርሼለት እመልሳለሁ፤ ያን ቀን ውኃ እንኳ ከእጁ አልጠጣም። ለአንቺ ደግሞ ብርድ ልብስ አለብኝ። ለሽምግልናህ ብለሽ የላክሽውን አንድ ቀን አልለበስሁትም። የጥምቀት ሰሞን ያ ክፉ ውርጭ ሲመጣ በብራናው ላይ ደረብሁት፤ በማግሥቱ እንደ ጣውላ ደርቆ አገኘሁት፣ በርበሬው ግን ከሥሩ ተርፎ ነበር። ዋጋውን በበርበሬ ይዤ ከፋሲካ በኋላ ራሴ ድሬዳዋ ድረስ መጥቼ እከፍልሻለሁ፤ ከፍዬም እመለሳለሁ። እስክመለስ ድረስ ጉድጓዱን ብርሃነ መስቀል ያጠጣልኛል። ያም ሌላ ዕዳ ነው፤ እሱንም ራሴ እከፍላለሁ።

አባትሽ ኃይለ ገብርኤል

ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ በአንኮበር መንገድ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ