ያለ ፀሐይ የጠራው ውሃ

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ጠዋት ስድስቱንም ባልዲ በረንዳው ጫፍ ደረደርኩ። ከጎረቤቴ ከእትዬ አስካለ ክር ማቅለሚያ የወጣ ቀይ ውሃ። በየባልዲው አንድ ማንኪያ ዱቄት። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሰል ላይ የለበጥኩት ቲታኒየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ማዕድን፣ ቅንጣቱ በዓይን የማይታይ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙን ይሰባብራል። የማስተርስ ጥናቴ ይኸው ነው። ዛሬ ፀሐይዋ ብቅ አለች፤ 9 ሰዓት ላይ ውሃው ጠራ።

እትዬ ባለፈው እሁድ ቸርች ተነስተው መስክረዋል፤ ጌታ በጎረቤቴ ልጅ እጅ ውሃዬን አጠራልኝ ብለው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም ማስታወሻዬ። የወረዳ ሰዎች ሐምሌ 14 ውሃውን ሊያዩ ይመጣሉ። እትዬ ቀለም ወንዝ ከገባ ሥራቸው እንደሚዘጋ ተነግሯቸዋል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ሙሉ ደመና። ተራራው አይታይም። ሰኞ አዲስ ቀይ ውሃና ዱቄት የሞላኋቸውን ባልዲዎች ከስንፍና አላነሳኋቸውም። ከሰዓት ሳያቸው ጠርተዋል! እትዬ እልል አሉ። እኔ ክው አልኩ። ፀሐይ ሳይኖር ምን ሰባበረው?

ሐምሌ 11፣ ዓርብ፣ 11 ሰዓት

አንዱን ባልዲ ቀይ ውሃና ዱቄት ጨምሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ዋልኩ። ድቅድቅ ጨለማ። ጠራ። ዱቄቱን አጥልዬ አልኮል ውስጥ ነከርኩት። ቀዩ ቀለም ተመልሶ ወጣ።

አልተሰባበረም። ከሰሉ መጥጦ ይዞት ነው። ይህን የጨለማ ፈተና ገና ስጀምር መሥራት ነበረብኝ። ቸኮልኩ። አይ እኔ!

የባሰው ሌላ ነው። እትዬን ዱቄቱን በሳሙና አጥበው ደግመው ይጠቀሙበት ያልኳቸው እኔ ነኝ። የሚያጥቡት ወንዝ ዳር ነው፤ ሳሙናውም እንደ አልኮሉ ቀለሙን ያስለቅቃል። ቀለሙን መልሰን ወንዝ ውስጥ ስንጨምር ከረምን። ከታች ሰው ልብስ ያጥብበታል፣ ጎመን ያጠጣበታል።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዝም ብልስ? የወረዳ ሰዎቹ የሚያዩት ውሃውን ነው፤ ውሃው ጥርት ብሏል። አልኮል ይዞ የሚመጣ የለም። እትዬ ሥራቸውን፣ እኔ ዲግሪዬን እንይዛለን። ይህን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ።

10 ሰዓት። ነገርኳቸው። ክር እየጠመዘዙ ነበር። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ቁጭ አሉ። «ታዲያ ለምን አስመሰከርሽኝ?» አሉኝ። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። የቀለሙን ድስት ከጉልቻው አወረዱና እሳቱን አጠፉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘው ያ ድስት ነው። «ቸርች ቆሜ የመሰከርኩትን ነገ እዚያው ቆሜ አነሳዋለሁ» አሉ።

ሐምሌ 13፣ እሁድ፣ ጠዋት 2:30

ለአማካሪዬ ለዶ/ሩ ጻፍኩ፦ ውጤቴ ስህተት ነው፣ የመመረቂያ ዲፌንሱ ይራዘምልኝ። ገና አልመለሰም። ነገ ለወረዳ ሰዎችም የምናገረው እኔ ነኝ። ዱቄቱን ፊታቸው አልኮል ውስጥ እነክረዋለሁ።

ዛሬ ግን እትዬ ብቻቸውን አይቆሙም። እኔ የኪዳነ ምሕረት ልጅ፣ የጴንጤ ቸርች ረግጬ አላውቅም። ለምስክርነት መቼ እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚባል አላውቅም። ብቻ ከእሳቸው ቀድሜ እነሳለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ እሳቸው ያመኑት እኔን ነው እላለሁ።

እትዬ በሩ ላይ ናቸው። ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ያዢ እያሉኝ ነው። ልሂድ።