በሰዒድ ሰሌዳ ላይ ያሉት ቀይ ፊደላት

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ከትምህርት መልስ

ደብተሬ፣ የሰሌዳው ባትሪ ዛሬ 2.3 ቮልት። ትናንት 2.4 ነበር። ወንድሜ ሰዒድ ፊት ገጽህ ላይ ጽፏል፦ ከ2 ከወረደ ሚሞሪው ይረሳል።

ግማሽህ የሱ ነው። ከፊት የምሕንድስና ትምህርቱ፤ ከኋላ፣ ባዶ የቀረው ላይ፣ እኔ።

ሰዒድ የሠራው የመብራት ሰሌዳ ሱቃችን በር ላይ እንደበራ ነው። ቀይ ፊደላት ይሮጣሉ፦ «ወንድሜ ሐሚድ ዛሬ ፈተና አለው። ዱዓ አድርጉለት።» በየጠዋቱ አዲስ ነገር ይጽፍ ነበር። ያን ጠዋት ይህን ጻፈና ወደ አዲ አርቃይ ሄደ። ማኪናው ተገለበጠ። አልተመለሰም። እኔ ፊዚክስ እየተፈተንኩ ነበር። ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ሰሌዳውን ማንም አልነካውም።

ዛሬ አያ ካሳ ከመካነ ብርሃን መጣ፣ ለሚስቱ ጨርቅ ሊገዛ። ፊደል በፊደል አነበበና ሳቀ። «ምነው፣ ይኼ ልጅ ፈተናውን እስካሁን አልጨረሰም?» አባባ ወደ ጣቃዎቹ ዞረ። ጨርሻለሁ አያ፣ አልኩት። «ሸጋ!» አለ። የሰዒድን መርዶ አልሰማም። ማን ይንገረው?

ሐሙስ፣ ጥር 14

2.2። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ያኔ ሚሞሪውን የሚይዘው ባትሪው ብቻ ነው። ፊደላቱ እስኪመለሱ ትንፋሼን ያዝኩ።

የሰዒድ ጽሕፈት፣ ስለ ሁለቱ የቺፕ ዓይነቶች፦ «ቲቲኤል፦ ፈጣን፣ ግን በላተኛ። ሲሞስ፦ ቁጥብ፣ ግን ቆዳው ስስ።» ቲቲኤሎቹን ነካኋቸው። ይሞቃሉ። ሚሞሪው ሲሞስ ነው፤ ቀዝቃዛ። ቆዳው ስስ ማለት ምንድን ነው? አልገባኝም። አለፍኩት።

ዮናስ ጋ ደወልኩ። የሰዒድ የክፍል ጓደኛ፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር። ባትሪ መቀየር ይቻላል፣ ያም ያልቃል አለ። ቅዳሜ አምጣው፣ ኢፕሮም ወደሚባል ቺፕ ልገልብጠው አለኝ። ኢፕሮም መብራት ቢጠፋም አይረሳም። ከዚያ ወዲያ ግን በሰሌዳው ቁልፎች አዲስ ነገር አይጻፍበትም።

ይሁን አልኩ። ማን ሊጽፍበት? ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰሌዳው ላይ የሱ ጣት የጻፈው ግን ያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ማታ

እማዬ ባጃጅ እንዳያንገላታው ብላ ሰሌዳውን በባናዋ ጠቀለለችው። በበግ ፀጉሩ ብርድ ልብስ። ሕፃን እንደሚሰጥ አድርጋ ሰጠችኝ። እንዴት እንቢ እላለሁ?

የዮናስ ክፍል። ባናውን ስገፍፈው ተንጣጣ። ጣቴን ነዘረኝ። «በሱፍ ነው ያመጣኸው? ሲሞስ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ቆዳው ስስ ማለት ይኼ ነው። የሱፍ ብልጭታ ይበቃዋል። በፎይል፣ በብርማው ወረቀት ነበር የሚጠቀለለው።

አበራው። የተበታተነ ቀይ ነጠብጣብ። አንድም ፊደል የለም። ዮናስ ፈተሸው። ቺፑ አልሞተም፣ አሁንም ይጽፋል። የያዘውን ግን ለቋል።

እማዬ ደኅና ደረሰ ወይ አለች። አዎ አልኳት።

እሑድ፣ ጥር 17

ሰቀልኩት። ያንኑ ቃል በቁልፎቹ መልሼ ጻፍኩ። ነጥቡ ሳይቀር። ማንም አይለየውም።

እማዬ ማንበብ አትችልም። በየቀኑ ምን ይላል ትለኛለች። ዛሬም አነበብኩላት። ዛሬም ፈገግ አለች። እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለራሴ ዱዓ የምለምን ሆንኩ።

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ጠዋት፣ ከትምህርት በፊት

ባትሪው አዲስ ነው። 3.0። ዮናስን ኢፕሮሙን ተወው አልኩት።

ሁሉንም አጠፋሁ። ጻፍኩ፦ «ወንድሜ ሰዒድ ሄዷል። ዱዓ አድርጉለት።»

እማዬ ወጣች። ምን ይላል? የሱ ጽሑፍ እንደጠፋ ነገርኳት። እጄ ነው ያጠፋው አልኩ። የባናውን ነገር ከኔ አትሰማም። ይኼ የኔ ነው ብዬ አነበብኩላት። ድገመው አለች። ደገምኩት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ፣ ፊደላቱን እያየች፦ «ነገስ ምን ልትጽፍ ነው?»

በየጠዋቱ እጽፋለሁ አልኳት። ነገ ስለ… የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ማታ እጨርሰዋለሁ።