የማፍጠሪያ ሰዓት በር

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ሙሰዓብ፣ የአንካራ ብርድ ከዳባት ይብሳል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሱቁን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ አባባ ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው። ቀበቶ ሆዳቸውን ስለሚያጨንቃቸው ሽርጥ ነው የሚታጠቁት። ሥጋም አልቀምስ ብለዋል።

በረመዳን ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ሁሉ ገብቶ እንዲያፈጥር በራችን ወለል ብሎ ይከፈት የነበረው ትዝ ይልሃል? አንዴ አንተ ስለ ትምህርትህ ስታወራን፣ «ሴል ላይ መልእክት ተቀባዮች አሉ። ጉበት ካንሰር ሲይዘው ተቀባዮቹ ይበዙና ‹እደግ› የሚለውን መልእክት ያለማቋረጥ ያስገባሉ፣ ልክ እንደኛ በር» አልከን። አባባ ከት ብለው ስቀው፣ «ታዲያ ዝጉታ!» አሉህ። እንግዶቹም ሳቁ። እንዴት ደስ ይል ነበር!

ዘንድሮ ግን ለማፍጠር እንደተቀመጥን፣ «ረህማ፣ በሩን ዝጊው፣ ሰው አይየኝ» አሉኝ። ዘጋሁት።

እና ሙሴ፣ ያኔ ለአባባ ስትመልስ ተቀባዮቹን የሚዘጋ መድኃኒት አለ ያልከው፣ ጎንደር ይገኛል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አላህ በሰላም ያገናኘን። ለዒድ መምጣት ከቻልክ አባባን አላስፈቅድም፤ በሩን ከፍቼ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ረህማ