ሳይጠሩኝ የበሉት ምሳ

ረቡዕ፣ ግንቦት 5 ቀን

ዛሬ አብረውኝ የሚሠሩት የቢሮ ልጆች ሳይጠሩኝ ምሳ በሉ። እስከ ትናንት ምሳ ዕቃችንን አንድ ላይ ከፍተን ነበር የምንበላው። ሳቃቸውን ከግድግዳው ወዲያ እየሰማሁ ጠበቅኩ።

ሲመለሱ ጽዮን አጠገቤ ቆመች። ጠዋት የጻፈችውን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ የመለስኩባት ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ረቡዕ አይደል? ይጾማሉ ብለን እኮ ነው ያልጠራንዎት።»

«በእኛ ምክንያት ቢገድፉስ? ኃጢአቱ የማን ሊሆን ነው?» አለ ዳዊት ከኋላዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕ እንደማይጾም ጽዮን አሳምራ ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያን የማትቀር ልጅ ናት፤ እጇም ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው አርማት ነበር። ዛሬ ግን «አዎ፣ ጾመኛ ነኝ፤ ስላሰባችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እንዴት ምሳ ዕቃዬን ልክፈት? ቀይ ወጤን እንደተከደነ ይዤ ከካዛንቺስ ቡልጋሪያ ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ በታክሲ ተመለስኩ። አሁን አሙቄ አቀረብኩት፤ ሳልቀምሰው መልሼ ከደንኩት። እርማቴ አስቀይሟቸው ይሆን? ስህተት አይቼ ማለፍ አልተማርኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ ከየት ልማረው?

ነገ ሐሙስ ነው። የሚያመካኙበት ጾም የለም። ነገም ካልጠሩኝ...